ከአጄ ማዶ ያለው ሣር

በደቡቡ መንገድ ወርዶ የሚያውቅ ሰው አገሩን የሚያስታውሰው በሚሸጠው ነው። ዝዋይ ሲባል ዓሣ፣ አርሲ ነገሌ ሲባል አረቄ፣ ሐላባ ሲባል በርበሬ ትዝ ይለዋል። ሻሸመኔ ላይ መንገዱ ይከፋፈላል፤ አንዱ ወደ ሐዋሳ፣ አንዱ ወደ ባሌ፣ አንዱ ደግሞ በአጄና በሐላባ አድርጎ ወደ ሶዶና ወደ አርባ ምንጭ ይወርዳል። በዚህ በመጨረሻው መንገድ ላይ፣ አጄን አለፍ እንዳሉ፣ ከአስፋልቱ ዳር አንድ ሰሌዳ ቆሟል። ስለ ሰንቀሌ የስዌይን ቆርኬ መጠለያ የሚናገር ሰሌዳ ነው። የሚሸጥ ነገር ስለሌለው መንገደኛው ሁሉ ሽው ብሎት ያልፋል።

እኛንም ያቆመን ሰሌዳው ሳይሆን የመኪናችን ራዲያተር ነው። ጊዜው ጥር መጨረሻ፣ የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና ያለቀበት ሳምንት ነበር። ከሥነ ጽሑፍ፣ ከታሪክና ከቋንቋ ትምህርት ክፍሎች የተሰባሰብን ስምንት ተማሪዎች፣ ያለንን አዋጥተን፣ አንድ አሮጌ ሚኒባስ ተከራይተን ወደ አርባ ምንጭ እንወርድ ነበር። ሐሳባችን አዞውንና የነጭ ሳርን የሜዳ አህያ አይተን፣ የጫሞን ዓሣ በልተን በሦስተኛው ቀን ለመመለስ ነበር። አጄን እንዳለፍን ከሞተሩ በኩል እንፋሎት ቡልቅ አለ። ሾፌሩ ወርዶ ክዳኑን ከፈተና ራሱን ነቀነቀ። ከራዲያተሩ የሚወጣው ቱቦ ተሰንጥቆ ውኃው ሁሉ አስፋልቱ ላይ ፈሷል። ረዳቱ ባገኘው አይሱዙ ላይ ተንጠልጥሎ ቱቦ ሊገዛ ወደ ሻሸመኔ ተመለሰ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከተነሣን ተመስገን ነው» አለን ሾፌሩ፣ ፊታችንን ሳያይ።

አምስት ሰዓት ሙሉ ምን ይደረግ? ከመካከላችን ሦስቱ ካርታ እንጫወት አሉ። አንዷ ግን ሰሌዳውን ጮክ ብላ አነበበችና «እዚህ ድረስ መጥተን ደግሞ ካርታ!» አለች። ነገሩ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ፤ አምስት ለሦስት። ተሸናፊዎቹም ብቻቸውን መቅረት አልፈለጉም። ከአስፋልቱ እስከ መጠለያው ሰፈር 10 ኪሎ ሜትር ያህል አፈር መንገድ ስለሆነ ሁለት ጋሪ ተስማማን።

የፊተኛውን ጋሪ የሚነዳው ልጅ ዐሥራ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። አማርኛና ኦሮምኛ እያቀላቀለ ያወራናል። «ቆርኬ ልታዩ ነው ከአዲስ አበባ የመጣችሁት?» አለን።

«አይደለም፤ መኪና ተበላሽቶብን ነው።»

«እንዲያ በሉ እንጂ!» ብሎ ሳቀ። «እዚህ ቆርኬ የሚያይ ፈረንጅ ነው። እኛ እኮ ስንወለድ ጀምሮ እናየዋለን። ላም ካያችሁ እሱን አያችሁ፤ ልዩነቱ አይታለብም።»

መንገዱ በታጨደ የበቆሎ ማሳ መካከል ያልፋል። አገዳው ለከብት ተሰጥቶ ያለቀበት፣ ቀሪው ጉቶ የቆመበት፣ አቧራው ከጋሪው በፊት የሚነሣበት ጊዜ ነው። ከብቶቹ ምን እንደሚግጡ ሳይገባን አንገታቸውን ደፍተው መሬቱን ያሸታሉ። ቆርቆሮ ቤትና ሣር ቤት ተቀላቅሎ፣ ባሕር ዛፍ ተደርድሮ፣ ሰው ከሰው ተጠጋግቶ የሚኖርበት አገር ነው። እንዲህ ባለ ቦታ አውሬ ይኖራል ብሎ ማን ያስባል? ለእኛ የዱር አራዊት ማለት ሩቅ፣ በረሓ፣ ሰው የማይደርስበት ገደል ማለት ነው። በመጨረሻ አንዲት ትንሽ ከፍታ እንደወጣን ግን ማሳው በድንገት አለቀና የሣር ባሕር ተዘረጋ። ድንበሩን ለማወቅ ካርታ አያስፈልግም። ወዲህ መሬቱ ራሰ በራ ነው፤ ወዲያ ሣሩ ከጉልበት ያልፋል። የደረቀው ሣር በነፋስ ሲተኛና ሲነሣ የበግ ለምድ በእጅ የሚዳበስ ይመስላል። እዚያም እዚያም ግራር ቆሟል። ፈረሱ ጆሮውን አቆመ። ጋሪ ነጂውም «እሱም በየቀኑ ያያታል፤ አትበላም ብለነዋል» አለን።

ከሰፈሩ ደርሰን የመግቢያውን ከፍለን ከስካውቶቹ አንዱ ተሰጠን። ዕድሜው ከአባቶቻችን የሚስተካከል፣ ቀጭን፣ ክላሹን እንደ ዶማ ትከሻው ላይ የሚያጋድም ሰው ነው። ጋሼ እያልን ተከተልነው። ብዙ አልሄድንም። አንድ ኩይሳ ላይ የቆመ እንስሳ አየንና ሁላችንም እኩል ቆምን።

ቆርኬ ቆንጆ ነው ብንል ውሸት ይሆናል። ፊቱ የረዘመ፣ የታከተው ሰው ፊት የመሰለ ነው። ትከሻው ከፍ፣ ዳሌው ዝቅ ያለ ነው፤ ቀንዱ ወደ ጎን ወጥቶ፣ ተቆልምሞ፣ ጫፉ ወደ ላይ ይዞራል። መልኩ እንደ ተቆላ ቡና ቀይ ዳማ ሆኖ ትከሻውና ጭኑ ላይ ጥቁር አለው። ከእኛ መካከል ቀልደኛው «እግዜር ላም ሊሠራ ጀምሮ በመካከሉ ፈረስ ትዝ ብሎት» ሲል ሳቅን። ስካውቱ አልሳቀም። «ሲሮጥ እዩትና ያን ጊዜ ቀልዱ» አለ።

ኩይሳው ላይ የቆመው ወንዱ ነው። ከዚያ ሆኖ የያዘውን ግዛት ይጠብቃል፤ ሌላ ወንድ ሲመጣ ይወርድና ተንበርክኮ በቀንድ ይጋጠማል። ከበታቹ ባለው ሣር ውስጥ ዐሥራ ሰባት ያህል ሴቶችና ግልገሎች ቆጠርን። ነፋሱ ሲዞር ሽታችን ደረሳቸው መሰል፣ ወንዱ አንድ ጊዜ አስነጠሰ። ወዲያው ያ ሁሉ ተነሣ። ጎበዝ፣ ያ ከፊትና ከኋላ የማይመጣጠን ሰውነት ለምን እንዲያ እንደተሠራ ያን ጊዜ ገባን። ቆርኬ ሲሮጥ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይገፋል። መሬቱን የሚረግጥ አይመስልም፤ ሣሩ ራሱ ይዞት የሚሄድ ይመስላል። አቧራው ሳይበርድ ተራራው ሥር ደርሰው ቆሙና ዞረው አዩን። ቀልደኛው ከዚያ በኋላ ምሳ እስክንበላ ድረስ አልተናገረም።

ስለ ስሙ ጠየቅነው። ስካውቱ የሚያውቀው ቆርኬ የሚለውን ነው፤ «ስዌይን» የሚለውን ከሰሌዳው እንደ ተማረ ነገረን። የቀረውን የታሪክ ተማሪው ጓደኛችን ሞላበት። ስዌይን የእንግሊዝ ጦር መኮንን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጀመሪያ ሶማሌን አቋርጦ ሐውድ ከሚባለው ሜዳ ሲደርስ፣ እያንዳንዱ ሦስትና አራት መቶ ቆርኬ ያለበት ብዙ መንጋ በአንድ ጊዜ ከዓይኑ ፊት ተዘርግቶ ማየቱን ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1892 የእንስሳት ሊቃውንት ለዘሩ የእሱን ስም ሰጡት። እንግዲህ ለቆርኬ በዓለም መዝገብ ላይ የገባለት ስም፣ ሜዳውን አንድ ሰሞን አቋርጦ የሄደ ሰው ስም ነው። ከእሱ ጋር ሺህ ዓመት የኖረው እረኛ ስም አልገባም።

ስዌይን ያየው ሜዳ ግን ብዙ አልቆየም። እዚህ ላይ ሁላችንም ከትምህርት ቤት የምናውቀው ታሪክ ይገባል፤ ክፉ ቀን። በ1880 ዓ.ም. ለኢጣሊያ ጦር በምጽዋ በኩል ከገቡት ከብቶች ጋር ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ገባ። ከአገሪቱ ከብት ከዐሥሩ ዘጠኙ ያህል አለቀ ይባላል። በሬ የሌለው ገበሬ እንዴት ይረስ? ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ ተብሎ የተጻፈው ያን ጊዜ ነው። ሰው ቆዳ ቀቅሎ በላ፤ መንደር ባዶ ሆነ። ይህንን ሁላችንም እናውቃለን። በፈተናም ተጠይቀናል። ያልተጠየቅነው ነገር ቢኖር፣ ያው ደስታ በሬውን ሲፈጅ ቆርኬውንም፣ ጎሹንም አብሮ መፍጀቱን ነው። በሽታው ሰኮናው የተሰነጠቀውን የሚያመሰኳ ሁሉ አልማረም። ከሐውድ ሜዳ ቆርኬ ተመናምኖ ጠፋ፤ ዛሬ በሶማሊያ ምድር የለም። በሽታው ራሱ ከምድረ ገጽ መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው። እሱ እስኪጠፋ ቆርኬም ሊጠፋ ምንም አልቀረው።

ዛሬ ይህ ዘር ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። በኢትዮጵያም ውስጥ አለ የሚባለው በዋናነት በሁለት ቦታ ነው፤ እዚህ በሰንቀሌና በ1997 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ በሆነው በማዜ። ሰንቀሌ ለቆርኬ ተብሎ የተከለለው በ1964 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ጥቂቶቹን ወደ አዋሽና ወደ ነጭ ሳር ወስደው ነበር፤ በአዋሽ አልሰነበቱም፣ በነጭ ሳርም እየመነመኑ ሄዱ። እኛ የሜዳ አህያ ልናይ ወደ ነጭ ሳር ስንገሠግሥ፣ ነጭ ሳር ያጣውን በመንገድ ላይ ማየታችን ነው። ዋልያ የእግር ኳስ ቡድናችን መጠሪያ ሆኗል። አንበሳ በሳንቲሙ ላይ አለ። ፉከራችንም ቢሆን የሚያነሣው የዝሆንና የአንበሳ፣ የጎሽም ገዳይ ነው። ቆርኬ በሳንቲም የለ፣ በፉከራ የለ። ቢገድሉት ጀግና አያሰኝ፤ ቢያድኑት ማን ያውቃል?

ይህን እያወራን ከአንድ ግራር ሥር ዳቦና ሙዝ ስናወጣ ስካውቱ ድንገት ተነሥቶ በእጁ ዝም በሉ አለን። ከሸለቆው አፍ አራት ከብት ብቅ አሉ። ከኋላቸው ዐሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ በትር ይዞ ጎንበስ ብሎ ይሄዳል። ከብቶቹ የጎድን አጥንታቸው ይቆጠራል። ሣሩን የሚግጡት በጥድፊያ ነው፤ የሚያባርራቸው እንዳለ የሚያውቁ ይመስላሉ።

ስካውቱ በሸለቆው በኩል ዞሮ ልጁን ፊት ለፊት ያዘው። ልጁ አልሮጠም። በትሩን ጣለና አለቀሰ፤ በኦሮምኛ አንድ ነገር ደጋግሞ ይላል። ከአምቦ የመጣችው ጓደኛችን «አጎቴ፣ አጎቴ ነው የሚለው» አለችን። እውነትም የእኅቱ ልጅ ነው። ስካውቱ አራቱን ከብት አንድ ላይ ሰብስቦ ወደ ሰፈሩ አቅጣጫ መለሳቸው። እዚያ ይታሰራሉ፤ ባለቤቱ መጥቶ ቅጣት ከፍሎ ያስለቅቃቸዋል።

«ጋሼ፣ የእኅትዎ ልጅ አይደለም እንዴ?» አልነው።

«ነው።»

«ታዲያ ዛሬን ቢለቁትስ?»

«ለእኅቴ ልጅ ከለቀቅሁ ነገ ለማን እምቢ እላለሁ?» አለ። ከብቶቹን እየነዳ፣ እኛም ከኋላ፣ ልጁም ከሁላችን ኋላ እየተነፋረቀ ጥቂት ከሄድን በኋላ ያልጠየቅነውን ነገረን። «በ1983፣ መንግሥት ሲለወጥ፣ እኔ የዚህ ልጅ እኩያ ነበርኩ። ጠባቂ የለ፣ ከልካይ የለ፤ መሣሪያ ደግሞ በየቤቱ ነበር። ቀን ከሌት ተኩስ ነው። የኛም ሰው ተኮሰ፣ ከሩቅም መጥቶ የተኮሰ አለ። በየጎረቤቱ ሥጋ ተሰቅሎ ነበር። ወላሂ እኔም በልቻለሁ። ሁለት ሳምንት ጠገብን። ከዚያ እንደ ድሯችን ራበን።» በሺህ ይቆጠር የነበረው መንጋ ያን ሰሞን ወደ ጥቂት መቶ መውረዱን ኋላ አንብበናል። ከእሱ አፍ የሰማነው ግን ቁጥር አልነበረም።

ሰፈሩ ጥላ ሥር ተቀምጠን እስክንነሣ ድረስ ክርክሩ ጦፈ። እንደ ልማዳችን ሁለት ጎራ ሆንን። አንደኛው ወገን እንዲህ አለ። ሰው ሲራብ አውሬ መጠበቅ የቅንጦት ሥራ ነው። ሰንቀሌ ዛሬ 54 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ማለት 5,400 ሄክታር። ለአንድ አባወራ ግማሽ ሄክታር ቢሰጥ 10,800 አባወራ ይተክላል። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መሬት ነፍጎ ለጥቂት መቶ ቆርኬ መስጠት ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ሌላው ወገንም በዚያው ቁጥር መለሰ። ያ ግማሽ ሄክታር ለልጅ ሲካፈል ሩብ ይሆናል፤ ለልጅ ልጅ ሲካፈል የጓሮ ጎመን መደብ ይሆናል። መጠለያው ሲከለል ከዛሬው እጅግ ሰፊ ነበር። ከእሱ ላይ የተቆረሰው ያ ሁሉ መሬት የዛሬውን ራብ አላስቀረም። ታዲያ የቀረችው ቁራሽ ብትቆረስ በምን ተአምር ታስቀረዋለች? ቆርኬ ግን አንዴ ከጠፋ የትም አገር ሄደው አያመጡትም።

ከብት ጠብቆ ያደገው ጓደኛችን እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ ሣር ያኝክ ነበር። ኋላ ላይ እንዲህ አለ፤ «ልጁ የሚያለቅሰው ላሟ ስለራባት መሰላችሁ? አባቱ ቅጣቱን ከየት እንደሚያመጣው እያሰበ ነው። እኔ እሱን ብሆን በሌሊት አስገባ ነበር። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጋሪው ላይ ሆነን ያየነውን መሬት አያችሁት? እዚያ ቆርኬ የለም፣ ስካውት የለም፣ ከልካይ የለም። ሣርም የለም። ልጁ ሊሰርቀው የመጣው ሣር ያለው ሌላው ሁሉ ስላልነካው ነው። ቆርኬው ባይኖር ይህን ሣር ማን ይጠብቀው ነበር?»

ለዚህ መልስ ያጣነው አንደኛው ወገን ብቻ አይደለም፤ ሁለታችንም ነን። ያኛው ወገን ሣሩ ከሰው የተቀማ ነው ይል ነበር፤ ይህኛው የቆርኬ ነው ይል ነበር። እሱ ግን ሣሩን እንደ ጎተራ አየው። የመንደሩ ሁሉ የመጨረሻ ጎተራ። በክፉ ቀን በሬውና ቆርኬው በአንድ በሽታ አብረው ካለቁ፣ በዚህም በጋ የሚበሉት አንድ ሣር ከሆነ፣ «ሰው ወይስ አውሬ» ብሎ መጠየቅ ጎተራውን ትቶ ስለ በሩ ቀለም መከራከር ይሆናል። ጥያቄው ሌላ ነው። ቁልፉ በማን እጅ ነው? በ1983 ቁልፉ ተሰበረና ጎተራው በሁለት ሳምንት ተራቆተ። ዛሬ ተቆልፏል። ቁልፉን የያዘው ሰው ግን በየዓመቱ በጋ ሲመጣ የገዛ እኅቱን ላም ማሰር አለበት። ይህ ስንት ዓመት ይዘልቃል?

እዚህ ላይ እያለን እኅትየዋ መጣች። ወሬው እንዴት እንደደረሳት አናውቅም፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ማጭድ በእጇ ይዛ፣ ከአቧራው መካከል ብቅ አለች። ወንድሟን አላየችውም። ልጇን በክንዱ ያዘችና ዓይኑን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት። ከዚያ ከብቶቹን አንድ በአንድ ዳበሰች። ስካውቱ ወዲያ ዞሮ የጠመንጃውን ማንገቻ ያስተካክላል።

እኛ የምንገባበት ጠፋን። አንዷ «እትዬ፣ አይዞዎት» አለቻት። ሴትዮዋ ወደ እኛ ዞረችና ማን እንደሆንን ጠየቀች። ጓደኛችን በኦሮምኛ ተማሪዎች መሆናችንን ነገረቻት። «ምን ትማራላችሁ?» አለች። ሥነ ጽሑፍ የሚለውን ጓደኛችን እንዴት እንደተረጎመችው እንጃ፤ ሴትዮዋ ግን «መጻፍ ከሆነ ደግ ነው፤ እንግዲያው ይህን ጻፉ» አለችና ማጭዷን ከፍ አድርጋ አሳየችን። ንግግሯን ጓደኛችን እንዲህ ብላ መለሰችልን፤ «እኛ ከብት እናስገባ አላልንም። ከብት ከገባ ረግጦ ያበላሸዋል፤ እኛም እናውቃለን። በዚህ በማጭድ አጭደን፣ ተሸክመን እንውጣ። በየሰፈሩ ተራ ይውጣ። ተራውን የጣሰ ካለ እኛው ሴቶቹ እንቀጣዋለን። ያን ጊዜ ከብት ይዞ የሚገባውን እኔ ራሴ ይዤ ለወንድሜ አስረክባለሁ።»

ስካውቱ ፊቱን ሳያዞር መለሰ። «ግልገሉ ሲወለድ እናቱ ሣር ውስጥ ደብቃው ነው የምትሰማራው። ማጭድ ግልገል አያይም። አንዱ ማጭድ ይዞ ሲገባ ደግሞ ሌላው መጥረቢያ ይዞ ይገባል።»

«የሚወለድበትን ወር አንተ ታውቃለህ፤ ያን ወር ዝጋው» አለችው። ወንድሟን ስታናግረው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። እሱ መልስ አልሰጠም። ግን ወዲያ ማየቱን ተወ።

ቅጣቱን ማን እንደከፈለ አላየንም። ጋሪ ነጂው መሽቶባችኋል እያለ ይጣራ ነበርና ተሰናብተን ወጣን። ስንለያይ ስካውቱ መንገዱ ድረስ ሸኘንና «ሁለት ወር አታናግረኝም» አለን፣ እንደ ቀልድ። «ኢድ ሲመጣ እንታረቃለን። ዓምናም እንዲሁ ነበር።»

እኛ ስምንታችን እስከ ዛሬ አልተስማማንም። በመኝታ ቤትም፣ በሻይ ቤትም ነገሩ በተነሣ ቁጥር ግማሻችን ከወንድምየው ጋር፣ ግማሻችን ከእኅትየው ጋር ነን፤ ሰዎቹም በየጊዜው ጎራ ይለዋውጣሉ። የተስማማነው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ሁለቱም ሣሩን ይፈልጉታል፤ ሁለቱም እንዲያልቅ አይፈልጉም። ይህን የሚያህል ስምምነት በአንድ ቤት ውስጥ እያለ፣ ተቀምጦ የሚያነጋግራቸው ሰው መጥፋቱ ያስገርማል። ምናልባት ከእናንተ መካከል ሕግ የሚያጠና፣ ግብርና የሚያጠና፣ ነገ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ይኖራል። በዚያ መንገድ ስታልፉ መኪናችሁ ባይበላሽም ውረዱ። ቆርኬው ኩይሳው ላይ ቆሞ ታገኙታላችሁ። ከእሱ ቀጥሎ ግን ማጭድ የያዘችውን ሴት ፈልጓት። ጻፉ ብላን ነበር፤ ቃሏን ሳንጨምር ሳንቀንስ ከዚህ አስፍረናል።